የሥልጣን ጥምና ውድቀት፦ ከማክቤዝ እስከ ፍራንከንስታይን

«ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ትራጄዲ ስንጠየቅም አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ ከዚሁ ተረት አይርቅም። «ሰውዬው ሥልጣን ፈለገ፣ ገደለ፣ በመጨረሻም የእጁን አገኘ» እንልና መጽሐፉን እናጥፋለን። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ድርሰቶቹ እስከ ዛሬ ባልተነበቡም፣ ለተማሪ ማስተማሩም ባላደከመን ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ተውኔቶችንና አንድ ልብ ወለድ ይዘን «ሰው የሚወድቀው እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ አብረን እንመርምር።

ትራጄዲ ሲባል

ግሪካዊው ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ተውኔት ሲጽፍ አንድ ቁም ነገር አስቀምጧል። ፍጹም ደግ የሆነ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲወድቅ ብናይ እንቆጣለን፤ ፍጹም ክፉ የሆነው ሲወድቅ ደግሞ «እሰይ!» እንላለን እንጂ አናዝንለትም። የትራጄዲ ሰው በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ከክፋቱ ይልቅ አንድ ከባድ ስሕተት ይጥለዋል። የምናዝንለትና የምንፈራውም እኛን ስለሚመስል ነው።

ማክቤዝ፦ አውቆ የዘለለ

የሼክስፒር «ማክቤዝ» የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ ሲሆን፣ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ በ1623 ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለመለሰው በገዛ ቋንቋችን ልናነበው እንችላለን።

ማክቤዝ ሲጀመር ጀግና ነው። ለንጉሥ ዱንካን ተዋግቶ ድል አድርጎ ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች መንገድ ላይ ያገኙትና የኮዶር መስፍን እንደሚሆን፣ ከዚያም እንደሚነግሥ ይነግሩታል። የመጀመሪያው ወዲያው ይፈጸማል። ሁለተኛውን ግን ራሱ ሊፈጽመው ይነሳል። ልብ እንበል፤ ከጠንቋዮቹ አንዷም ብትሆን «ግደል» አላለችውም። ሚስቱ ገፋፍታዋለች፣ እውነት ነው። ታዲያ ጩቤውን የያዘው እጅ የማን ነው? ጥፋቱን ሁሉ በሴቶቹ ላይ መለጠፍ የአብዬን ወደ እምዬ ነው።

ከግድያው በፊት ማክቤዝ ብቻውን ሆኖ ሲያወጣ ሲያወርድ እንሰማዋለን። ዱንካን ዘመዱ ነው፣ ንጉሡ ነው፣ በዚያች ሌሊት ደግሞ እቤቱ ያደረ እንግዳው ነው፤ በዚያ ላይ ደግ ንጉሥ ነው። ከሥልጣን ጥም በቀር ለመግደል አንዳች ምክንያት የለውም። ጥሙንም ራሱ ማክቤዝ ፈረስ ላይ ዘሎ ሊወጣ ሲል ከልክ በላይ ዘሎ በወዲያኛው በኩል ከሚወድቅ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ያገራችን ተረትና የሼክስፒር ገፀ ባሕርይ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ልዩነቱ ማክቤዝ እንደሚሰበር ከመዝለሉ በፊት ማወቁ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚልም ተረት አለን። ማክቤዝ ግን ተሾሞም አልበላ፤ ያውም ቃል በቃል! ግብር አብልቶ ከመኳንንቱ ጋር ሊቀመጥ ሲል ያስገደለው የባንኮ መንፈስ ወንበሩን ይዞበት ያገኘዋል። እንቅልፍም አጣ። ዱንካንን ለመግደል ያን ያህል የተጨነቀው ሰው በኋላ የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስጨርስ ብዙም አያመነታም። በመጀመሪያው ሌሊት ደሙ በጥቂት ውሃ ይጠራል ብላ ያሰበችው ሚስቱም ኋላ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች የሌለ ደም ከእጇ ላይ ስታጥብ ትታያለች። እንግዲህ ውድቀቱ ሰይፍ ሲያርፍበት የመጣ አይደለም፤ እንደ ደረጃ አንድ በአንድ የተወረደ ነው።

እዚህ ላይ ታሪክና ድርሰት እንዳይምታቱብን ያስፈልጋል። እውነተኛው ማክቤዝ ስኮትላንድን ከ1040 እስከ 1057 ገዝቷል፤ ዱንካንም የሞተው በጦር ሜዳ እንጂ በአልጋው ላይ አልነበረም። ሼክስፒር ታሪኩን ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ወስዶ ለመድረክ እንዲስማማ ለውጦታል። በ1603 ከስኮትላንድ መጥቶ በእንግሊዝ ዙፋን የተቀመጠው ጀምስም ከባንኮ ዘር እወለዳለሁ ይል ስለነበር፣ ባንኮ በተውኔቱ ውስጥ ከግድያው እጁ ንጹሕ ሆኖ መቅረቡ አያስገርምም።

ፋውስተስ፦ ዓለምን ፈልጎ ወይን ያመጣ

በ1593 የሞተው ክሪስቶፈር ማርሎ የጻፈው «ዶክተር ፋውስተስ» ደግሞ ስለ ዕውቀት ጥም ነው። ፋውስተስ በዊተንበርግ የታወቀ ሊቅ ነው። ሎጂኩን፣ ሕክምናውን፣ ሕጉን፣ ሃይማኖቱን ሁሉ ተምሮ አልበቃህ ስላለው፣ ለ24 ዓመት ኃይል ሲል ነፍሱን ለሰይጣን ይሸጣል። ነገሥታትን ሊያዝ፣ ዓለምን ሊገለብጥ አስቦ ነበር። ታዲያ በኃይሉ ምን ሠራበት? በመኳንንት ፊት ትርኢት አሳየ፤ ለአንዲት እርጉዝ መስፍናዊት በክረምት የወይን ፍሬ አስመጣላት። ይኸው ነው! ትልቁ ምኞት ሲያንስ፣ ሲያንስ ሄዶ ተራ አስማተኝነት ሆነ። እስከ መጨረሻው ሰዓት የሚመክሩት ባይጠፉም አልሰማቸውም።

ፍራንከንስታይን፦ ሠርቶ የጣለ

ጎቲክ የሚባለው የልብ ወለድ ዓይነት የጀመረው ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 ባወጣው «የኦትራንቶ ግንብ» ነው። እዚያም የምናገኘው አያቱ በግፍ የነጠቀውን ግዛት ላለመልቀቅ የሚፍጨረጨር መስፍን ነው። ዋልፖል ለሁለተኛው እትም በጻፈው መቅድም አርአያው ሼክስፒር መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ የጎቲክ መንፈስና የጨለማ ግንብ ከማክቤዝ ዓለም ብዙም አይርቅም።

ከጎቲክ ሥራዎች አንዱ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው። በ1815 በኢንዶኔዢያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የፀሐይን ብርሃን በመጋረዱ የ1816 የአውሮፓ በጋ ቀዝቃዛና ዝናባም ሆነ። በጄኔቭ ሐይቅ አጠገብ ቤት ውስጥ የዋሉ ጓደኛሞች የሚያስፈራ ታሪክ ለመጻፍ ተወዳደሩ። የ18 ዓመቷ ሜሪ ያኔ የጀመረችው ድርሰት በ1818 ያለ ስሟ ታተመ።

ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ስም ይመስለዋል። አይደለም፤ የሠሪው፣ የተማሪው የቪክቶር ስም ነው። ፍጡሩ ስም የለውም። ቪክቶር ከሬሳ ክፍሎች ሰው ሠርቶ ነፍስ ሲዘራበት መልኩ አስፈራውና ጥሎት ሸሸ። የተጣለው ፍጡር ተደብቆ አንድ ቤተሰብ እየሰማ ቋንቋ ተማረ፣ ማንበብም ቻለ፤ ወዳጅ ፍለጋ ብቅ ሲል ግን በዱላ ተባረረ። መግደል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የቪክቶር ታናሽ ወንድም፣ የልብ ወዳጁና ሙሽራው ተራ በተራ ሞቱ። እንግዲህ የቪክቶር ትልቁ ጥፋት የትኛው ነው? መፍጠሩ ወይስ መጣሉ? መጣሉ ይመስለናል።

ሦስቱን የሚያገናኛቸው

ሦስቱም ሲጀምሩ ባለ ተሰጥኦ ናቸው፤ ሦስቱም እየወረዱ ሲሄዱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ማክቤዝ ምሥጢሩን ከሚስቱ ሳይቀር ይደብቃል። ፋውስተስ መካሪ አይሰማም። ቪክቶር የሠራውን ለማንም ሳይናገር ቆይቶ፣ ባልፈጸመችው ወንጀል የተከሰሰች ልጃገረድ ስትሰቀል ዝም ይላል። በዚያው ልብ ወለድ ውስጥ ግን ሌላ ባለ ምኞት አለ፤ ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጓዘው ዋልተን። በረዶ መርከቡን ሲይዘው መርከበኞቹ «እንመለስ» ይሉታል፤ እያዘነም ቢሆን ይመለሳል። ዋልተን ከቪክቶር የበለጠ ብልህ ሆኖ አይደለም። ፊት ለፊት የሚናገሩት ሰዎች ነበሩት፣ ሰማቸውም።

በክፍል ውስጥ

ይህን ለሚያስተምር እጩ መምህር ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል። ሰውዬው መመለስ የሚችልባት የመጨረሻዋ ደረጃ የትኛዋ ነበረች? የነገረው ማን ነበር፣ ለምንስ አልሰማውም? ሌላው የከፈለው ዋጋ ምን ያህል ነው? ተማሪው «ክፉ ስለሆነ ሞተ» ካለ ገና አላነበበም። ገጹን ገልጦ «እዚህ ጋ መመለስ ይችል ነበር» ብሎ በጣቱ ካሳየ ግን አንብቧል።

ለእኛም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ጠመኔና መዝገብ የያዘ ሰው ትንሽ ሥልጣን ይዟል፤ ሃምሳና ስድሳ ልጅ ፊቱን ያያል፣ «ተሳስተሃል» የሚለው ግን ብዙ የለም። ልጅን ቀርጾ፣ ሳያምር ሲቀር «ይሄ ደንቆሮ!» ብሎ ወደ ኋላ ወንበር መጣል ቀላል ነው። ቪክቶርም እንዲሁ ነው ያደረገው።