ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ቃል ለመንገደኛና ለዘማች ብቻ የተነገረ ይምሰል እንጂ፥ በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም በስፖርት ሜዳም ሲፈጸም የሚታይ ነው። ዛሬ ለእሑድ ንባብ የምናቀርበው፥ በአሜሪካ አገር በአንድ የዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ላይ የደረሰውን ነገር ነው። ታሪኩ የጨዋታ ቢሆንም ትርጉሙ ከጨዋታ ያልፋልና፥ ኳስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ አንባቢ እንኳ ገጹን ሳይገለብጥ እስከ መጨረሻው እንዲከተለን እንለምናለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ2008 ዓ.ም. በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የምትገኘው የሜምፊስ ከተማ ሰው ሁሉ ወሬው ስለ ዩኒቨርሲቲው ቡድን ነበር። ቡድኑ በዚያ ዓመት የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፥ ያውም በየካቲት ወር በጎረቤቱ በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ 66 ለ62 ነው። በመጋቢት ወር የመላው አገር የኮሌጆች ውድድር ተጀመረ። በዚህ ውድድር አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ሜምፊስ በሁለተኛው ዙር ሚሲሲፒ ስቴት የሚባለውን ቡድን ገጥሞ 77 ለ74 አሸነፈ።

ድል ድል ነውና ቲፎዞው ሁሉ መደሰት ይገባው ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ሜምፊስ ካገኘው የቅጣት ውርወራ ውስጥ ያስገባው ከግማሽ በታች ነበር። በዓመቱ በሙሉ ሲቆጠርም ያስገባው ከመቶ 61 ያህሉን ብቻ ስለሆነ፥ በዚህ ረገድ ከአገሩ ቡድኖች ሁሉ በጭራው በኩል ከሚቆጠሩት አንዱ ነበር። ስለዚህ የደስታው ወሬ ወዲያው ወደ ክርክር ተለወጠ።

አንደኛው ወገን «አሸንፈን ሳለ ምን ያነጫንጫችኋል? ስንትና ስንት ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ስለ አንዲት ነጥብ ውርወራ ይጨነቃልን?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዛሬ በሦስት ነጥብ አመለጥን፤ ነገ ከእኛ የማያንስ ቡድን ሲመጣስ?» ብሎ ይመልሳል። አሠልጣኙ ሚስተር ጆን ካሊፓሪ ልጆቻቸው በሚያስፈልግበት ሰዓት እንደማይስቱ ያላቸውን እምነት ደጋግመው ይገልጡ ነበር። በውድድሩ የሚቀጥሉት ቀኖችም የእሳቸውን ቃል የሚደግፉ መስለው ታዩ። ቡድኑ ቴክሳስን 85 ለ67፥ ቀጥሎም የሎስ አንጀለሱን ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. 78 ለ63 ሲያሸንፍ፥ በሁለቱም ጨዋታ አብዛኛውን የቅጣት ውርወራ አስገባ። የሚያጉረመርሙት ቲፎዞዎች አፈሩ፤ ዝም አሉ።

ውርወራው ምንድን ነው?

የጨዋታውን ደንብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እናስረዳ። አንድ ተጫዋች ኳስ ሲወረውር ባላጋራው አላግባብ ቢመታው ወይም ቢገፋው፥ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። የተበደለውም ተጫዋች ከቅርጫቱ ሰሌዳ 15 ጫማ ማለት 4 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በተሰመረው መሥመር ላይ ይቆማል። የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 10 ጫማ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሲሆን የአፉ ስፋት 18 ኢንች ነው። የኳሱ ስፋት ከ10 ኢንች ያነሰ ስለሆነ፥ ቀለበቱ ሁለት ኳስ ጎን ለጎን ለማስገባት የሚቀረው ጥቂት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጋርድ የለም፤ የሚሻማ የለም፤ የጨዋታው ሰዓትም ቆሟል። ወርዋሪው 10 ሴኮንድ ተሰጥቶት ዐልሞ ይወረውራል። የገባችው ኳስ አንድ ነጥብ ናት።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ዶክተር ጀምስ ናይስሚዝ ይህን ጨዋታ በ1891 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲፈጥሩ፥ በእኛም አገር በስሙ በሚታወቀው በወወክማ የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። ቅርጫቱም የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫት ነበር። በጻፏቸው 13 ደንቦች ውስጥ የቅጣት ውርወራ የሚባል አልነበረም፤ አንዱ ወገን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ቢያጠፋ ለሌላው ወገን አንድ ግብ ይቆጠርለት ነበር። የቅጣት ውርወራ የመጣው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስም ቡድኑ ዐልሞ የማይስተውን አንድ ሰው መርጦ፥ የሁሉንም ቅጣት በእርሱ ያስወረውር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የተበደለው ራሱ እንዲወረውር ታዘዘ። ይህ ለውጥ ትንሽ ቢመስልም የነገሩን ጠባይ ለወጠው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማንም ሰው የራሱን ፈተና በጓደኛው እጅ ማለፍ አልቻለም።

ቀላል ነው ካልን ታዲያ ስለምን ይከብዳል? ሌላው የጨዋታው ክፍል ሁሉ ሩጫና ግፊያ ስለሆነ ተጫዋቹ ለማሰብ ጊዜ የለውም። በዚህ መሥመር ላይ ግን ብቻውን ቆሞ ያስባል። ልቡ ከሩጫው ገና አልበረደም፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጮኽበታል፤ ሁሉም ሰው «ይህማ መግባት አለበት» ብሎ ያየዋል። ቢያስገባ የሚያመሰግነው የለም፤ ቢስት ግን የሚረሳለት የለም። ይህን የሚመስል ነገር በፈተና ወረቀት ፊት የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህም ሌላ የሒሳቡን ነገር እንመልከት። በጊዜው በነበረው የኮሌጆች ደንብ፥ አንዱ ወገን ጥፋት ሲያበዛ የተበደለው ተጫዋች መጀመሪያ አንድ ይወረውራል፤ ሁለተኛውን የሚወረውረው የመጀመሪያውን ያስገባ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከመቶ 80 የሚያስገባ ሰው ይህን ዕድል መቶ ጊዜ ቢያገኝ በአማካይ 144 ነጥብ ያመጣል። ከመቶ 60 የሚያስገባ ግን የሚያመጣው 96 ብቻ ነው። የሁለቱ ሰዎች ችሎታ ልዩነት ከመቶ 20 ሆኖ ሳለ፥ አንዱ የሚያመጣው ነጥብ የሌላውን አንድ ጊዜ ተኩል ይሆናል። ጥቂት ቸልተኝነት ብዙ ኪሣራ እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የመጨረሻው ሌሊት

ኤፕሪል 7 ቀን 2008 ዓ.ም. በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፥ አላሞዶም በሚባለው ትልቅ አዳራሽ፥ ሜምፊስ ለዋንጫ ከካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኘ። ካንሳስ ራሱ ዶክተር ናይስሚዝ የቅርጫት ኳስን ቡድን ያቋቋሙበት ትምህርት ቤት ነው። የሚያስገርመው ነገር፥ የጨዋታው ፈጣሪ በዚያ ባሠለጠኑበት ዘመን 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ መሸነፋቸው ነው።

ጨዋታው ሊያልቅ 2 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ሲቀረው ሜምፊስ 60 ለ51 ይመራ ነበር። ብዙ ሰው ዋንጫው የማን እንደሆነ ተቆርጦ ያደረ መስሎታል። ካንሳስ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ልዩነቱን አጠበበ፤ ባላጋራውንም ወደ ቅጣት መሥመር መላክ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ከሩብ ሲቀር የሜምፊሱ ክሪስ ዳግላስ ሮበርትስ የመጀመሪያውን ውርወራ ሳተ፤ ሁለተኛውም በዚሁ ቀረ። ከ17 ሴኮንድ በታች ሲቀር ደግሞ ይኸው ተጫዋች ሁለት ተሰጥቶት ሁለቱንም ሳተ። ሜምፊስ የተመለሰችውን ኳስ ይዞ ነበርና ወዲያው ዴሪክ ሮዝ መሥመሩ ላይ ቆመ፤ አንዱን ሳተ፥ አንዱን አስገባ። በዚህ ሁኔታ ከአምስት ውርወራ አራቱ ባከኑ። ውጤቱም 63 ለ60 ሆነ።

ከዚህ በኋላ የካንሳሱ ማርዮ ቻልመርስ ከሩቅ መሥመር ውጭ ወረወረ። ኳሷ ስትገባ ሰዓቱ የቀረው 2 ሴኮንድ ከ1 ዐሥረኛ ነበር፤ 63 ለ63! በተጨመረው አምስት ደቂቃ ሜምፊስ ጉልበቱም መንፈሱም ስለ ደከመ፥ ካንሳስ 75 ለ68 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

በዚያ ሌሊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ቲፎዞዎቹ ተከራከሩ። አንዳንዶቹ፥ በሦስት ነጥብ ብልጫ ሳሉ ካንሳስ ከሩቅ ሳይወረውር በፊት በጥፋት አስቁመው ሁለት ውርወራ ብቻ ሊሰጡት ይገባ ነበር ይላሉ፤ አሠልጣኙም ይህንኑ አስበው እንደ ነበር በኋላ ተናግረዋል። ሌሎቹ ደግሞ ጥፋቱን በሁለቱ ልጆች ላይ ጣሉ። ነገር ግን በእውነት ለመፍረድ፥ ዳግላስ ሮበርትስና ሮዝ ከቡድኑ ወርዋሪዎች የተሻሉት ነበሩ፤ በዓመቱ ውስጥ ከዐሥር ሰባት ያህል የሚያስገቡ ናቸው። የሳተው እንግዲህ አንድ ሰው ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ «ሲያስፈልግ ይገባል» ሲባልለት የቆየው ልማድ ነው። ከወራት በፊት መታጠቅ የነበረበት መቀነት በመጨረሻው ደቂቃ ተፈታ።

ካንሳስም ቢሆን ይህን መራራ ጽዋ ቀምሶት ያውቃል። በ1957 ዓ.ም. የዋንጫ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ከተሰጠ በኋላ፥ ሊያልቅ 6 ሴኮንድ ሲቀረው የሰሜን ካሮላይናው ጆ ክዊግ ሁለት የቅጣት ውርወራ አከታትሎ አስገብቶ፥ ካንሳስ 54 ለ53 ተሸንፏል።

እያወቁ መተው

በዚያ በ1957 ዓ.ም. ለካንሳስ ይጫወት የነበረው ረጅሙ ዊልት ቻምበርሊን ነው፤ የእርሱም ታሪክ ለነገራችን ትልቅ ማስረጃ ነው። ቻምበርሊን በማርች 2 ቀን 1962 ዓ.ም. በአንድ ጨዋታ ብቻ 100 ነጥብ አስገብቶ ዓለምን አስደነቀ። በዚያ ቀን ከ32 የቅጣት ውርወራ 28ቱን አስገብቷል። የወረወረውም እንደ ሌሎቹ ከራስ በላይ ሳይሆን፥ ኳሱን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መካከል ወደ ላይ እያነሣ ነው። ይህ አወራወር ክንድን ስለሚያሳርፍና ኳሱን ለስለስ አድርጎ ስለሚያወርደው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሰዎች «የአሮጊት ውርወራ» እያሉ ያፌዙበታል። ቻምበርሊንም ፌዙን ፈርቶ ተወው፤ እንደሚያዋጣው እያወቀ የተወው ስላፈረ መሆኑን በኋላ በመጽሐፉ አምኗል። በጨዋታ ዘመኑ በሙሉ ያስገባው ከመቶ 51 ብቻ ሆኖ ቀረ።

በአንጻሩ ሪክ ባሪ የሚባለው ተጫዋች የሰውን ሣቅ ከቁም ነገር ሳይቆጥር በዚሁ አወራወር ጸና። ከመቶ 90 ያህሉን እያስገባ፥ በ1975 ዓ.ም. ቡድኑን ለዋንጫ አበቃ። ልጁ ካንየን ባሪም የአባቱን መንገድ ተከትሎ፥ በ2017 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በተከታታይ ሳይስቱ በማስገባት የትምህርት ቤቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህም ሆኖ የተከተሏቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 2009 ዓ.ም. ተጫዋቾች በቁመትም በፍጥነትም በሥልጠናም እጅግ ሲሻሻሉ፥ የአሜሪካ ኮሌጆች የቅጣት ውርወራ ግን ከመቶ 69 ገደማ ላይ ቆሞ ነበር። ሰው የሚታይለትን ነገር ለማሻሻል ይተጋል፤ የማይጨበጨብለትን ግን ባለበት ይተወዋል ማለት ነው።

ስለ ሜምፊስ አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በ2009 ዓ.ም. የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር፥ የአንድ ተጫዋች የመግቢያ ፈተና ውጤት ተቀባይነት አጥቷል በማለት የዚያን ዓመት 38 ድሎች ሁሉ ከመዝገብ ፋቀ። ድሎቹ በወረቀት ላይ የሉም፤ የሳቱት አራት ውርወራዎች ግን በከተማው ሰው ልብ ውስጥ ይኖራሉ።

«የሚወድህ ያስለቅስሃል፤ የሚጠላህ ያስቅሃል» እንደሚባለው፥ በድል ማግሥት ጉድለትን ያነሡት ቲፎዞዎች ደስታ አፍራሾች መስለው ነበር፤ ነገር ግን ለቡድኑ ከሁሉ የሚበልጡት ወዳጆች እነርሱ ነበሩ። ከፍ ባለ ማዕርግ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ፥ የትኛውን ጥያቄ በአጋጣሚ እንደ መለሰው ራሱ ያውቃል። አለቃው ያመሰገነው ወጣት ሹምም፥ በሣጥኑ ውስጥ የትኛው የባለጉዳይ ማመልከቻ ሳይታይ እንደ ሰነበተ ያውቃል። ማንም በማያይበት ማለዳ፥ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ያን ቀላል ውርወራ መቶ ጊዜ የሚደጋግም ሰው፥ ሺህ ሰው በሚጮኽበት ሌሊት እጁ አይንቀጠቀጥም።