ሞተር በድራይቭ ሲነሳ ጉልበቱ ይቀንሳል?

ለልምምድ በወጣሁበት አንድ ፋብሪካ ያጋጠመኝን ላካፍላችሁ። ስንዴ የሚያመላልስ ኮንቬየር ላይ ያለ 7.5 ኪሎዋት ሞተር ለዓመታት በቀጥታ ከመስመር እየተነሳ ሠርቷል። በኋላ ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ድራይቭ ተገጠመለት። ባዶውን ይነሳል፤ ስንዴ ሲጫንበት ግን ያጉረመርማል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ቆይቶ ድራይቩ ትሪፕ ያደርጋል። "ድራይቭ ጉልበት ይቀንሳል፤ ትልቅ ሞተር ይገዛ" ተባለ። እውነት ይቀንሳል እንዴ?

በመጀመሪያ ቀጥታውን አነሳስ እንመልከት። የቆመ ሞተር 50 ሄርዝ ሲለቀቅበት ሮተሩም ሙሉውን 50 ሄርዝ ያያል። በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሮተሩ ሪአክታንስ ከፍተኛ ስለሆነ ከረንቱ ከፍለክሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ከረንቱ ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ ቢደርስም፣ የሚገኘው ቶርክ በአብዛኛው ከ2 እጥፍ ብዙም አያልፍም። በስታር ዴልታ ከሆነ ደግሞ በስታሩ ጊዜ ቶርኩ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል።

በድራይቭ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሞተራችን ኔምፕሌት 380 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 1440 ዙር በደቂቃ ይላል። ሲንክሮነስ ፍጥነቱ 1500 ስለሆነ ልዩነቱ 60 ዙር፣ ማለትም ለባለ 4 ፖል ሞተር 2 ሄርዝ ነው። ሮተሩ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ የሚያየው ይህንኑ 2 ሄርዝ ብቻ ነው። እንግዲህ ድራይቩ ለቆመው ሞተር 2 ሄርዝ ቢሰጠው፣ ፍለክሱ እስካልጎደለ ድረስ በመደበኛ ከረንት ሙሉ ቶርክ ይገኛል ማለት ነው። ለከባድ ጭነት የተሠሩ ድራይቮች ለ1 ደቂቃ ያህል እስከ 150 ፐርሰንት ከረንት ስለሚፈቅዱ ከዚያም በላይ ይገኛል።

ችግሩ ያለው "ፍለክሱ እስካልጎደለ" የምትለው ላይ ነው። ድራይቩ ቮልቴጁን ከፍሪኩዌንሲው ጋር እኩል ይቀንሳል፤ 380 ለ50 ሲካፈል ለ1 ሄርዝ 7.6 ቮልት ይደርሳል። በ2 ሄርዝ 15 ቮልት ገደማ መሆኑ ነው። የስታተሩ ሬዚስታንስ ከ380 ላይ ጥቂት ቮልት ቢወስድ ማንም ልብ አይለውም፤ ከ15 ላይ ሲወስድ ግን ለፍለክስ የሚተርፍ ነገር የለም። ይህን ጉድለት የሚሞላው ቶርክ ቡስት የሚባለው ነው። ሲበዛም ብረቱ ሳቹሬት ያደርግና ከረንቱ ወጥቶ መልሶ ትሪፕ ነው። ቬክተር ኮንትሮል ያላቸው ድራይቮች ኔምፕሌቱ ከገባላቸውና ኦቶ ቲዩኒንግ ከተደረገላቸው ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

የኛን ድራይቭ ከፍተን ስናይ ቡስቱ ዜሮ፣ የመነሻ ጊዜውም 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። ቡስቱን ከረንቱን እያየን ቀስ በቀስ ጨመርን፣ ጊዜውንም አራዘምን። ኮንቬየሩ ከነስንዴው ተነሳ፤ አዲስ ሞተር መግዛትም ቀረ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሞተሩ ማራገቢያ ከራሱ ዘንግ ጋር ስለሚዞር በዝቅተኛ ፍጥነት ማቀዝቀዙ ይደክማል። ስለዚህ ማስነሳት መቻሉ በዚያው ፍጥነት ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሲሠራ ይዋል ማለት አይደለም። ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቼ፣ "ሞተሩ አነሰ" ከማለታችሁ በፊት ኔምፕሌቱንና ሴቲንጉን አስተያዩ።