የማደንዘዣው ረጅም ወረፋ

ሆራስ ዌልስ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1844 የሣቅ ጋዝ ስቦ የራሱን ጥርስ ያለ ሕመም አስነቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሞርተን ቦስተን ላይ የኤተርን ኃይል በአደባባይ አሳየ። ማደንዘዣን ለዓለም ያስተዋወቀው ሙያ ግን በራሱ ቤት ለማደንዘዣ የስፔሻሊቲ ማዕረግ የሰጠው በ2019 ነው!

እውቅናው ይወሰን የነበረው በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ድምፅ ነበር። ድምፅ ሰጪዎቹ ሐኪሞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ አዲስ ስፔሻሊስት ሲመጣ ደግሞ ገበያው የሚነካበት አይጠፋም። የማደንዘዣ ጥያቄ 2012ን ጨምሮ ደጋግሞ ወደቀ።

ነገሩን ፍርድ ቤት አነቃነቀው። ቴክሳስ ውስጥ ማኅበሩ እውቅና ባልሰጠው ዘርፍ «ስፔሻሊስት ነኝ» ብሎ ማስተዋወቅ ክልክል ነበር። የጥርስ ተከላ ባለሙያዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ከሰሱ፣ በ2016ም ረቱ። በተከታዩ ዓመት ማኅበሩ ሥልጣኑን ለአንድ ብሔራዊ ኮሚሽን አስረከበ።

ኮሚሽኑ ከነባሮቹ ስፔሻሊቲዎች የተለየ እውቀትና ክህሎት፣ የኅብረተሰብ ፍላጎት፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ይጠይቃል። በ2020 የአፍ ውስጥ ሕክምናና የፊትና መንጋጋ ሕመም ሕክምና ሲታከሉ ዘርፎቹ 12 ደረሱ። በር ያስከፈተው የጥርስ ተከላ ከ12ቱ አንዱ አይደለም።