«ከልክ በላይ ከፍለናችኋል» የሚል የኤስኤስአይ ደብዳቤ ቤት ሲመጣ ምን ይደረጋል?

አሜሪካ ባሉ ብዙ የሐበሻ ቤቶች የሶሻል ሴኩሪቲን ደብዳቤ ከፍቶ የሚተረጉመው ልጅ ነው። እናት ወይም አባት ኤስኤስአይ ይቀበላሉ፣ ፖስታው ይመጣል፣ «እስቲ ምን ይላል?» ተብሎ ለእናንተ ይሰጣል። አብዛኛው ደብዳቤ ተራ ነገር ነው። አንዱ ግን ያስደነግጣል፤ «ኦቨርፔይመንት» ይላል። መሥሪያ ቤቱ «መክፈል ያልነበረብኝን ገንዘብ ከፍያችኋለሁ፣ መልሱልኝ» እያለ ነው ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ወይ ደግሞ «ከመንግሥት ጋር ማን ይከራከራል» ብሎ ሳያጣራ መክፈል ይጀምራል። ሁለቱም ይጎዳል። ውሳኔው ላይ መከራከር ይቻላል። ዕዳው ይሰረዝልኝ ማለት ይቻላል። በትንሽ በትንሹ ልክፈል ማለትም ይቻላል። ለሦስቱም የተለያየ ፎርም አለ፤ ቀኑ እንዳያልፍ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ

ደብዳቤው አናት ላይ ያለውን ቀን ፈልጉና ስልካችሁ ካላንደር ላይ ሁለት ነገር መዝግቡ።

አንደኛው 30 ቀን ነው። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መከራከሪያ ወይም የይሰረዝልኝ ጥያቄ ካስገባችሁ፣ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ከወርሃዊው ክፍያ መቁረጥ አይጀምሩም።

ሁለተኛው 60 ቀን ነው። ውሳኔው ስህተት ነው ብሎ ለመከራከር ያለው ጊዜ ይህ ነው። ቆጠራው ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ይጀምራል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ደብዳቤው ከተጻፈ በ5 ቀን ውስጥ ደርሷችኋል ብሎ ነው የሚያስበው። ካለፈባችሁም በቂ ምክንያት፣ ለምሳሌ ከባድ ሕመም፣ ካለ ምክንያቱን ጽፋችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ግን እዚያ ባትደርሱ ይሻላል።

ከዚያ የደብዳቤውን ገጽ ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ፖስታውንም ጨምሩ። ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም ደብዳቤው ዘግይቶ ከደረሰ ማስረጃ ይሆናል።

ዕዳው ከየት መጣ?

ደብዳቤው የትኞቹ ወራት፣ ስንት ብር እና ለምን የሚለውን ማሳየት አለበት። ግልጽ ካልሆነ የፋይሉን ኮፒ የመጠየቅ መብት አላችሁ። እኛ ሰፈር የሚያጋጥሙት ምክንያቶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው።

1. ሀገር ቤት መሄድ። የኤስኤስአይ ተቀባይ ከአሜሪካ ውጭ በተከታታይ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ተመልሶ መጥቶ ሌላ ተከታታይ 30 ቀን አሜሪካ እስኪቆይ ድረስ ገና ውጭ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። እናታችሁ ጃንዋሪ 5 ሄደው ፌብሩዋሪ 20 ተመለሱ እንበል። ፌብሩዋሪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማርችም አብዛኛው ቀን አይከፈላቸውም። ጃንዋሪ ግን ይከፈላቸዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ጃንዋሪንም ጨምሮ ከሆነ ስሌቱን ጠይቁ። ፓስፖርት ላይ ያለው ማኅተምና የአውሮፕላን ትኬቱ እዚህ ጋ ወርቅ ናቸው።

2. ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው የሀብት ጣሪያ 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የሚታየው ወሩ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ያለው ሂሳብ ነው። በዚያን ዕለት ከጣሪያው ካለፈ የወሩ ክፍያ በሙሉ ይወድቃል። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና ግን አይቆጠሩም።

እዚህ ላይ ነው ዕቁብ የሚመጣው። ልጅ ከእናቱ ጋር የጋራ አካውንት አለው፤ ዕቁብ ሲደርሰው እዚያ ያስገባዋል። ብሩ የልጅ ነው፣ እናት አንድ ሳንቲም አልነኩም። መሥሪያ ቤቱ ግን የጋራ አካውንት ሲያይ ገንዘቡ ሁሉ የኤስኤስአይ ተቀባዩ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህን ማስተባበል ይፈቀዳል። የእናት የጽሑፍ ቃል፣ የልጅ የጽሑፍ ቃል፣ ማን አስገብቶ ማን እንዳወጣ የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት፣ ከዚያም ገንዘቡን ወደ ልጅ አካውንት መለየት ወይም የእናትን ስም ከአካውንቱ ማውጣት ያስፈልጋል። የዕቁቡ ጸሐፊ መዝገብ ካለው ፎቶውን አያይዙ፣ ዕቁብ ምን እንደሆነም በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። የሚያነበው ሰው ሰምቶት አያውቅ ይሆናል።

3. ሳይነገር የቀረ ገቢ። ሥራ፣ የሥራ ሰዓት መጨመር፣ ጋብቻ፣ አብሮ የሚኖር ሰው መለወጥ፣ ሁሉም ለውጡ ከተፈጠረበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ድረስ መነገር አለበት። ነግራችሁ ከነበረ ግን ማስረጃውን ፈልጉ፤ የደወላችሁበት ቀን፣ የፋክስ ወረቀት፣ ከቢሮ የተሰጣችሁ ደረሰኝ።

ሦስቱ መንገዶች

«ዕዳው ስህተት ነው» የምትሉ ከሆነ፣ ፎርሙ ኤስኤስኤ-561 ነው። እንደገና ይታይልኝ ማለት ነው። ለኤስኤስአይ ፋይሉ በወረቀት ብቻ እንዲታይ ወይም ከሠራተኛው ጋር ተገናኝታችሁ እንድትናገሩ መምረጥ ትችላላችሁ። ሰነዳችሁ በንግግር ማብራሪያ የሚፈልግ ከሆነ መገናኘቱን ምረጡ። እዚያም ካልተሳካ ቀጣዩ ዳኛ ፊት መቅረብ ነው፣ እሱም የራሱ 60 ቀን አለው።

«ዕዳው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጥፋቱ የኛ አይደለም፣ መክፈልም አንችልም» ከሆነ፣ ፎርሙ ኤስኤስኤ-632 ነው። «ዌቨር» የሚሉት ይህንን ነው። ቀነ ገደብ የለውም፤ መቁረጥ ከጀመሩ በኋላም ይጠየቃል። ዕዳው 2,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፎርሙን ሳትሞሉ በስልክም ልትጠይቁ ትችላላችሁ።

«እንከፍላለን፣ ግን የሚቆረጠው በዛብን» ከሆነ፣ ፎርሙ ኤስኤስኤ-634 ነው። ከኤስኤስአይ የሚቆረጠው በመደበኛው 10 በመቶ ነው። በ2025 የአንድ ሰው ሙሉ የፌዴራል ክፍያ 967 ዶላር ነበር፤ 10 በመቶው 97 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለአንድ አዛውንት ይህ የመድኃኒትና የታክሲ ብር ነው። ስለዚህ እንዲቀነስ መጠየቅ ነውር የለውም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን አብሮ ማስገባት ይቻላል። «ዕዳው የለብንም፤ አለባችሁ ከተባለም ይሰረዝልን» ማለት እርስ በርሱ አይጋጭም።

«ጥፋቱ የኛ አይደለም» እንዴት ይታመናል?

ዌቨር ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ገንዘቡ በትርፍ የተከፈለው በተቀባዩ ጥፋት አለመሆኑ። ሁለተኛ፣ በአብዛኛው፣ መልሶ መክፈሉ ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሚወስድ መሆኑ።

በመጀመሪያው ላይ ደንቡ ራሱ ይረዳችኋል። ጥፋተኛነት ሲመዘን የሰውዬው ዕድሜ፣ የመረዳት አቅም፣ የማስታወስ ችሎታ፣ የትምህርት ደረጃና እንግሊዝኛ አለመቻሉ ጭምር መታየት እንዳለባቸው ይላል። ስለዚህ «እናቴ አላወቀችም» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ዕድሜያቸው ስንት ነው? እስከ ስንተኛ ክፍል ተማሩ? ደብዳቤዎቹ በምን ቋንቋ መጡ? ስለ 30 ቀኑ የጉዞ ደንብ በአማርኛ የነገራቸው ሰው ነበር? የመርሳት ችግር ካለ ከሐኪም ወረቀት አምጡ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስህተቱ የሠራተኛው መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ተቀባዩም ማወቅ ወይም መናገር የማይችልበት ምክንያት እንደነበር ማሳየት አለባችሁ።

በሁለተኛው ላይ የወር ወጪን በሐቅ ዘርዝሩ፦ ኪራይ፣ መብራት፣ ስልክ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርት። ደረሰኝ አያይዙ። ዌቨሩን ከመከልከላቸው በፊት ሠራተኛ አግኝታችሁ እንድትናገሩ ዕድል ይሰጣችኋል። እሱን ቀጠሮ አትቅሩ።

ምርመራ ሲመጣ

ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አታደባልቁ።

አንዱ መደበኛ የፋይል እድሳት ነው። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው በየተወሰነ ዓመቱ ስለ ገቢ፣ ስለ ንብረትና ስለ መኖሪያው እንደገና ይጠየቃል። ይሄ የተለመደ ነው፣ መልስ መስጠትም ግዴታ ነው። ዝም ካላችሁ ክፍያው ሊቆም ይችላል።

ሌላው የማጭበርበር ምርመራ ነው። ይህን የሚሠራው የሶሻል ሴኩሪቲ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ነው። ኦቨርፔይመንት ስላለ ብቻ ማንም ወንጀለኛ አይሆንም፤ ማጭበርበር የሚባለው አውቆ መዋሸት ወይም አውቆ መደበቅ ነው። መርማሪ በር ካንኳኳ መታወቂያውን ጠይቁ፣ ስሙንና ቢዝነስ ካርዱን ተቀበሉ። የፍርድ ቤት ማዘዣ ከሌለው የማስገባት ግዴታ የለባችሁም። «ጠበቃ ካማከርን በኋላ እንነጋገራለን» ማለት መብት ነው፣ በትህትና ማለት ትችላላችሁ። ካወራችሁ ግን ውሸት እንዳይኖርበት። ለፌዴራል መርማሪ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሜሴጅ አታጥፉ፣ ወረቀት አትቅደዱ፣ ጎረቤትንም «እንዲህ በልልን» አትበሉ። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ከሆነ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ይጠየቅ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ አጭበርባሪው ራሱ። ስልክ ደውሎ «ዛሬ ካልከፈልክ ትታሰራለህ» የሚል፣ በጊፍት ካርድ፣ በሐዋላ ወይም በክሪፕቶ ክፈሉ የሚል ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ አይደለም። ዝጉት። ይህን ለወላጆቻችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው።

ማን ይረዳል?

በ1-800-772-1213 ስትደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ። ቢሮ ስትሄዱም እንደዚያው። ልጅ ማስተርጎም አይጠበቅበትም፤ በተለይ ምርመራ የሚመስል ነገር ካለ አስተርጓሚው የነሱ ቢሆን ይሻላል። በወላጃችሁ ስም ራሳችሁ መከራከር ከፈለጋችሁ ፎርም ኤስኤስኤ-1696 ያስሞሉ፣ ጠበቃ መሆን ግዴታ አይደለም።

ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ። ዲሲ ላይ ሊጋል ኤይድ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ላይ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ አለ። ሌላ ስቴት ያላችሁም የአካባቢያችሁን ሊጋል ኤይድ ፈልጉ። የኛ ጽሑፍ መንገዱን ያሳያል እንጂ የጠበቃን ቦታ አይተካም።

ፎርም ስታስገቡ ኮፒ አስቀሩ። ቢሮ ከሆነ የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ኮፒ ጠይቁ፣ በፖስታ ከሆነ ሪሲት ያለው መላኪያ ተጠቀሙ። ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት፣ ምን እንደተባባላችሁ ስልካችሁ ኖት ላይ ጻፉ።

ደብዳቤ ላልመጣባችሁ ደግሞ፦ ዕቁብ በእናት አካውንት አታስገቡ። ሀገር ቤት ከመሄዳቸው በፊት የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ቀን ለቢሮው ይናገሩ፤ ሲመለሱም እንደገና። ደሞዝ ካለ በሶሻል ሴኩሪቲ የደሞዝ ማሳወቂያ አፕ በየወሩ ይላክ።

ፖስታው ቀድሞ የሚደርሰው እናንተ እጅ ነው። ወላጆቹ ኤስኤስአይ የሚቀበሉ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት፤ 30 ቀን ቶሎ ያልቃል።