ጡረታን ያሳበጠ ደሞዝ፦ የቤል ከተማ ነዋሪዎች ምን አደረጉ?

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቤል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞችና ልጆቻቸው ናቸው። ከሊባኖስ የመጡ ቤተሰቦችም ይኖሩባታል። የብዙዎቹ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ አንድ ጉድ አወጣ። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በዓመት 800 ሺህ ዶላር ገደማ ደሞዝ ይወስድ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደሞዝ 400 ሺህ ነው። የምክር ቤቱ አባላትም ለትርፍ ጊዜ ሥራ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይከፈላቸው ነበር።

ነገሩ በደሞዝ ብቻ አያበቃም፤ ከኋላው ጡረታ አለ። በካሊፎርኒያ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው የመጨረሻ ደሞዝን፣ የአገልግሎት ዓመታትንና በሕግ የተወሰነ መቶኛን በማባዛት ነው። ለምሳሌ 30 ዓመት ያገለገለ፣ በየዓመቱ 2 በመቶ የሚታሰብለትና የመጨረሻ ደሞዙ በወር 5,000 ዶላር የሆነ ሰው 3,000 ዶላር ጡረታ ያገኛል። ሊወጣ ሲል ደሞዙን ወደ 10,000 ቢያሳድጉለት ግን ጡረታው 6,000 ይሆናል፤ ያውም ዕድሜ ልኩን። ለዚያ ጭማሪ በቂ መዋጮ አልተከፈለም። ጉድለቱ የሚሞላው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው።

በዚህ ስሌት ሪዞ በዓመት ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ጡረታ ይጠብቀው ነበር። ቀድሞ የሠራባቸው ሌሎች ከተሞችም ከወጪው ድርሻ ሊደርስባቸው ነበር።

የቤል ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ማኅበር አቋቁመው የምክር ቤቱን አዳራሽ አጥለቀለቁት። በመጋቢት 2011 ድምፅ ሰጥተው አባላቱን በአዲስ ሰዎች ተኩ። ከተመረጡት አንዱ የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ የሆነው ዓሊ ሳሌህ ነበር። ሪዞ በ2014 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ጡረታውም እጅግ ተቀነሰ።

ግዛቱም በ2012 ሕጉን አሻሻለ። ከ2013 ጀምሮ ለሚቀጠሩ አዲስ ሠራተኞች ጡረታ የሚሰላው በሦስት ዓመት አማካይ ደሞዝ ሆነ፤ ለስሌቱ የሚያዘው ደሞዝም ጣሪያ ተበጀለት። ለነባሮቹ ቃል የተገባው ጡረታ ግን በአብዛኛው አልተነካም። የግብር ከፋዩ ቅሬታ እስከ ዛሬ ያልበረደውም ለዚህ ነው።

እህቶች፣ ይህ ስሌት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በኩዌት የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ውሏን ጨርሳ ለምትወጣ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ እንዲከፈላት ያዛል። በዐረብኛ «ሙካፋአት ኒሃየት አል ኺድማ» የሚሉት ይህንን ነው። ስድስት ዓመት የሠራች ስድስት ደሞዝ ይገባታል ማለት ነው።

በቤል ቁጥሩ ከሕዝብ ተደብቆ አበጠ። በሠራተኛዋ ላይ የሚያሰጋው የተገላቢጦሹ ነው፤ ዓመታቱ ተሸራርፈው፣ ደሞዙ አንሶ ይቆጠራል። የገባችሁበትን ቀን፣ የውላችሁን ቅጂና የተቀበላችሁበትን ደረሰኝ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለታመነ ዘመድም ላኩ። የቤል ሰዎችን ለድል ያበቃቸው ጩኸታቸው ብቻ አልነበረም፤ በእጃቸው የገባው ወረቀትም ነበር።