መድኃኒቱ የጠላቱን ጓዳ እንዴት አገኘ

በገዳሪፍና በመተማ ድንበር፣ ዋልካው መሬት በበጋ በሚሰነጠቅበትና ግራር በሚበዛበት አገር፣ ካላዛር የተባለውን በሽታ የማያውቅ ነዋሪ ጥቂት ነው። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወጣት ግን፣ ሰውነቱ በሽታውን ስላልለመደው፣ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመም የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው።

የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስገባው ተሐዋሲ የሚኖርበት ስፍራ እጅግ ያስደንቃል። ማክሮፋጅ የተባሉት ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ ያገኙትን ባዕድ ነገር ውጠው ያጠፋሉ። ይህ ተሐዋሲ ግን ተውጦም አይሞትም፤ በዘበኛው ሆድ ውስጥ ይራባል።

አምፎቴሪሲን የተባለው መድኃኒት ይገድለዋል፤ ብቻውን ሲሰጥ ግን ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ሊቃውንት መድኃኒቱን ሊፖሶም በተባለ ደቃቅ የስብ ከረጢት ውስጥ ከተቱት፤ ይህንንም ከረጢት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያጠናው እንግሊዛዊው አሌክ ባንጋም ነበር። ማክሮፋጅ በዙሪያው ያለውን ባዕድ ነገር መዋጥ ልማዱ ነውና ከረጢቱንም ይውጠዋል፤ መድኃኒቱንም ጠላት ወዳለበት ጓዳ ራሱ ያስገባዋል። ዘበኛውን ያሞኘው ልማድ ለሕመምተኛው መዳኛ ሆነ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ለካላዛር በአሜሪካ የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። በሱዳንና በኢትዮጵያ የሚሰጠው በተለይ ለነፍሰ ጡርና እጅግ ለደከመ ሕመምተኛ ነው። ከረጢቱ ግን ሙቀት አይችልም፤ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ስፍራ መቀመጥ አለበት፤ የገዳሪፍ ሚያዝያ ደግሞ 40 ዲግሪ ይደርሳል።