ድንች በክረምት ማዕድ

በሐምሌ ዝናብ ርሶ ከሥራ ለሚመለስ ሰው ትኩስ የድንች አልጫ ምን ያህል እንደሚያጽናና የታወቀ ነው። ይህን የደቡብ አሜሪካ ተክል ወደ አገራችን ያስገባው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858፥ ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ከበሰለ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፥ ዝንጅብልና እርድ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎም የተከተፈው ድንች በጥቂት ውሃ ይበስላል፤ ቃሪያው በመጨረሻ ይገባል። ጊዜ ላጠረውም ከነልጣጩ ቀቅሎ በአዋዜ መመገብ ይበቃዋል።

ነገር ግን አንድ አደራ አለን። ብርሃን አግኝቶት አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዝ ይበዛበታል፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ስለዚህ ድንቹን ብርሃን በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ አኑሩት፤ እንዲህ የተበላሸውንም ለቁጠባ ብላችሁ ለልጆቻችሁ አታቅርቡ።